ከቦሌ እስከ አራብሳ፤ ስለ መኪናችንና ስለ ተጎዳው ባልንጀራችን

የከተማችንን የምሥራቅ ወገን በእውነት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በክረምት ይምጣ እንላለን። በበጋ ጊዜ ሁሉም መንገድ መንገድ ይመስላል፤ ሁሉም መንደር ለሁሉም መንደር ጎረቤት ነው። ሐምሌ ገብቶ ዝናሙ ሲበረታ ግን አስፋልት የደረሰለትና አስፋልት ያልደረሰለት ሰው ይለያያሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትም በእርምጃ የሚቈጠር ሆኖ ሳለ እንደ አንድ ቀን ጎዳና ይረዝማል። እኛ ዛሬ ለውድ አንባብያን ልንነግራቸው የወደድነው ስለዚሁ አጭር ርቀት ነው፤ ይኸውም የተጎዳ ሰው ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ አምቡላንስ እስከሚቆምበት ድረስ ስላለው መንገድ፥ እንዲሁም በዚያ መንገድ ላይ ባለ መኪና የሆነ ጎረቤት ሊሠራው ስለሚገባውና ስለማይገባው ሥራ ነው።

መነሻችን ቦሌ ነው። ቦሌ ዛሬ የፎቅ፥ የሆቴልና የመብራት ሰፈር ይሁን እንጂ አባቶቻችን የሚያስታውሱት እርሻና የከብት መሰማሪያ ሆኖ ነው። የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ አስቀድሞ በልደታ ነበረ፤ ጄት የተባለው አውሮፕላን በመጣ ጊዜ ግን ለመንደርደሪያ ረጅምና ሜዳማ ስፍራ ስላስፈለገ በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ወደ ቦሌ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ከተማው አውሮፕላኑን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ወጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥቶ ወደ ከተማ የሚገባ እንግዳ በግራና በቀኝ የተደረደሩትን ፎቆች፥ የመድኃኔ ዓለምን ካቴድራል ጉልላት፥ ስለ ሁለት ሺህ ዓመት በዓል የተሠራውን የሚሌኒየም አዳራሽ ያያል። የሚያየውም ሁሉ አስፋልትና ድንጋይ ስለ ሆነ፥ ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ አምቡላንስ በጭቃ የሚያዝ መሆኑን ለማመን ይቸግረዋል።

የሚሌኒየም አዳራሽ ከተነሣ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ በታወቀ ጊዜ ይህ የከተማችን ምሥራቅ የሕሙማን መቀበያ ሆኖ ነበር። በኮተቤ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ተለየ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ለበዓልና ለኤግዚቢሽን የታነጸው የሚሌኒየም አዳራሽ አልጋ ተዘርግቶበት የሕክምና ስፍራ ሆነ። በዚያን ወራት በአዳራሹ አጠገብ ባለፍን ቍጥር አንድ አሳብ ይመላለስብን ነበር፤ ይኸውም በደኅና ቀን ለሌላ ተግባር የተሠራ ነገር በክፉ ቀን ለሕይወት ማዳኛ ሊውል መቻሉ ነው። አዳራሽ ሆስፒታል መሆን ከቻለ፥ በግቢያችን የቆመው መኪናስ?

ከቦሌ በቀለበት መንገዱ ወደ ሰሜን ሲሄዱ መገናኛ ይደረሳል። መገናኛ እንደ ስሙ መንገዶች የሚገናኙበት ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሁለት ጎዳና ይወጣል፤ አንዱ በላምበረት አልፎ ወደ ኮተቤ ያቀናል፤ ሁለተኛው በጉርድ ሾላ፥ በሣሊተ ምሕረትና በሲኤምሲ አድርጎ አያት ይደርሳል። በዚህ በሁለተኛው ጎዳና ላይ በ2008 ዓ.ም. የከተማው የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራውን ጀምሯል። ከአያት ወደ ደቡብ የሚዞር ሰው ሰሚትንና ጎሮን ያገኛል፤ በስተ ምሥራቅም የኮንዶሚኒየም ቤቶች እንደ ንብ ቀፎ ተደርድረው የሚታዩበት ቦሌ አራብሳ አለ። ሜዳው በተከፈተበት ስፍራ ሁሉ የየረር ተራራ በግርማ ቆሞ ይታያል። የሰፈሩ ሕዝብ እየበዛ በመሄዱም በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የተባለ ክፍለ ከተማ ተቋቁሟል።

የዚህ አገር አፈር አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ገበሬ ይወደዋል፤ ጤፍና ሽምብራ ያበቅልበታልና። መንገድ ሠሪና ባለ መኪና ግን ይፈሩታል። ዋልካ በበጋ እየደረቀ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ ይለሰልሳል፥ በጎማም ላይ እየተጠቀለለ የጎማውን ጥርስ ሁሉ ይደፍነዋል። ከዚህ በኋላ ጎማው ይዞራል እንጂ አይሄድም። ዋናው ጎዳና አስፋልት ቢሆንም ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባው የመንደር መንገድ፥ አዲስ ቤት በሚሠራበትና የመንገድ ሥራ ገና ባልተፈጸመበት ስፍራ፥ ይህ ነገር በየክረምቱ ይታያል። አምቡላንሱ ይመጣል፤ መብራቱም ከሩቅ ይታያል፤ ነገር ግን ከአስፋልቱ ዳር ይቆማል። የታመመው ሰው ያለው ከዚያ ወዲያ ነው።

እኛ የምንኖረው ከእንዲህ ያሉት መንደሮች በአንዱ ነው። ያለን መኪና አሮጌ ላንድክሩዘር ሎንግ ቤዝ ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለው፥ በጭቃ ጊዜ አራቱም እግሮቹ የሚሠሩ፥ ከኋላው በግራና በቀኝ ረጅም አግዳሚ ወንበር የተዘረጋለት ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው በየወረዳው ከምናያቸው አምቡላንሶች ብዙዎቹ የዚሁ መኪና ወንድሞች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለው አሮጌ መኪና በባለቤቱ ዘንድ እንደ ልጅ ይጠበቃል። ስለዚህ በሌሊት ለማያውቀው ሰው ሲል ወደ ጭቃ ለማስገባት ልቡ ቢያመነታ አይፈረድበትም። እኛ ግን ያጠፋነው በማመንታት አልነበረም፤ ባለማመንታት ነው። መኪናችን አምቡላንስን መምሰሉ አሳስቶናልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር፥ በፍልሰታ ጾም፥ አምሽተን ከዘመድ ቤት ስንመለስ በጎሮ በኩል ከሚያልፈው መንገድ ዳር ተገልብጦ ከወደቀ ባጃጅ ላይ ደረስን። ዝናም ይዘንባል፤ ጨለማ ነው። ነጂው የሃያ ዓመት ልጅ ቢሆን ነው፤ ከቦዩ አጠገብ ወድቆ ያቃስታል። ሰው ተሰብስቧል፤ ሁሉም ይናገራል፤ የሚያደርገውን የሚያውቅ ግን አልነበረም። «መኪና! መኪና!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ዐይን ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እኛም ስልክ ሳንደውል፥ ማንንም ሳንጠይቅ የኋላውን በር ከፈትን። አንዱ እግሩን፥ አንዱ ብብቱን፥ ሌላው ቀበቶውን ይዞ አነሡት፤ ራሱ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ነበር። በአግዳሚው ወንበር ላይ አልረጋ ስላለ ጉልበቱን አጥፈን ከወለሉ ላይ አስቀመጥነው። ከዚያም መብራት እያበራን፥ ጡሩምባ እየነፋን፥ ጉድጓድ ሳንመርጥ ገሰገስን። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ልባችን በኩራት ተሞልቶ ነበር።

መጀመሪያ የደረስንበት የሕክምና ቤት እንዲህ ያለውን ጉዳት ለማከም የሚችል ስላልነበረ ወደ ሌላ አመለከቱን። አስቀድመን ደውለን ብንጠይቅ ኖሮ ይህን ሁሉ መንገድ ባልሄድን ነበር። በመጨረሻ በደረስንበት ሆስፒታል በር ላይ አንዲት ነርስ ወጥታ ልጁን በባትሪ አየችው፤ ቀጥሎም እኛን አየችን። ከቍጣ በራቀ ድምፅ፥ «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ደግ ሰዎች ናችሁ። ግን አንገቱን ማን ያዘው?» አለች። መልስ አልነበረንም። አንገቱን የያዘ ሰው አልነበረም።

ልጁ ተርፏል፤ ብዙ ተኝቶ በእግሩ ወጥቷል። የግራ እጁ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነለትም፤ ብርጭቆ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ እናቱ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ልጃቸውን ስላተረፍንላቸው ጉልበታችንን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፥ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠን በወደድን ነበር። እጁን የጎዳው የባጃጁ መገልበጥ ይሁን ወይም የእኛ አነሣስ፥ ሐኪሙም ሊለይልን አልቻለም። ምስጋናውን ተቀበልን፤ ጥያቄውን ግን ይዘን ወጣን፤ እስከ ዛሬም ከእኛ ጋራ አለ።

ከዚያ ወዲህ አባቶቻችን እንዴት ያደርጉ እንደ ነበር ማሰብ ጀመርን። በገጠር የታመመ ሰው በቃሬዛ ይሄዳል። ቃሬዛ ሁለት ረጃጅም እንጨትና በመካከላቸው የተወጠረ ጠፍር ወይም ጨርቅ ነው፤ ከዚህ የቀለለ መሣሪያ የለም። ነገር ግን ሥርዓት አለው። ተሸካሚው ተራ አለው፤ የደከመው ይለቃል፥ ያልደከመው ይተካል፤ መንገዱን የሚያውቀው ከፊት ይቀድማል። በወሎ ቅሬ፥ በሌላውም አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር፥ የሞተውን ለመቅበር ብቻ ሳይሆን የታመመውን ለመሸከምም ይጠራል። ስለዚህ ቃሬዛ የአንድ ሰው አይደለም፤ የመንደሩ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሣው ቢወድም እንኳ አይችልም። መኪና ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሣው ቃሬዛ ሆነና ሥርዓቱን አስረሳን።

የአገራችን የአደጋ ዕርዳታ ታሪክም ቢመረመር፥ ደግ ልብ ጸንቶ የኖረው በሥርዓት በተያዘ ጊዜ መሆኑን ያሳያል። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቍስለኞችን ለማከም ወደ አገራችን መጥተው ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ይኸውም የኢጣልያ ወረራ ሊጀምር ሦስት ወር ያህል ሲቀረው ነበር። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ከውጭ አገር የመጡ የአምቡላንስ ጓዶች ቍስለኛውን ለማንሣት እስከ ጦር ሜዳ ድረስ ዘለቁ፤ የስዊድኑ አምቡላንስ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ በአውሮፕላን ቦምብ እስከ መመታት ደረሰ።

ወደ ዘመናችንም ስንቀርብ አቶ ክብረት አበበ የተባሉትን የማደንዘዣ ሕክምና ባለሙያ እናገኛለን። እኚህ ሰው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሠሩ የተጎዱ ሰዎች ያለ አምቡላንስ፥ በተገኘው መጓጓዣ ሁሉ ተጭነው ሲመጡ እያዩ አዘኑ። ስለዚህም መኖሪያ ቤታቸውን ሸጠው ሦስት አምቡላንስ ገዙ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማም ጠብታ የተባለውን የአምቡላንስ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅታቸው ቀጥሎ በአምቡላንስ ውስጥ የሚሠሩ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎችን ወደ ማሠልጠን ማለፉን ልብ ይሏል። መኪና ያለ ሠልጣኝ ሰው ሳጥን መሆኑን ከእኛ ቀድመው ዐውቀውታል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ በጭቃና በበረዶ የሚሄድ መኪና ያላቸው ሰዎች በየአውራጃው ማኅበር አቁመዋል። በደኅናው ጊዜ እያንዳንዱ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ በረዶ ሲወርድ ወይም ጎርፍ ሲመጣ ግን መኪናውንም ራሱንም ያለ ዋጋ ይሰጣል። በፈረንጆች 2018 ዓመት መጋቢት ወር ታላቅ በረዶ መንገዱን በዘጋ ጊዜ፥ የሕክምና መሥሪያ ቤቶች ባለ መኪኖችን ተማጽነው ነርሶችንና ሐኪሞችን ከቤታቸው ወደ ሥራቸው አስመላልሰዋል። ሁለት ነገር ልብ እንበል። የማኅበሩ ሰዎች የሚወጡት ሥራው የሚገባው ክፍል ሲጠራቸው ነው እንጂ ጩኸት በሰሙ ቍጥር አይደለም። ሁለተኛውም የሚጭኑት ብዙውን ጊዜ ቍስለኛ አይደለም፤ ነርስ፥ መድኃኒት፥ ምግብ ነው። አንዲት ነርስ ሥራዋ ላይ በሰዓቱ መድረሷ ስንት ሕሙማንን እንደሚጠቅም ለማስረዳት ቃል አያስፈልግም።

ሥርዓት የሌለው ደግነት ምን ያህል ውድ ዋጋ እንደሚያስከፍል ደግሞ በገዛ አገራችን በኀዘን አይተናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ከሞቱትም ብዙዎቹ አስቀድሞ በተናደው መሬት የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ፤ በእጃቸውና በአካፋ ሲቈፍሩ ዳግመኛ የተናደው መሬት ከደናቸው። ማንም እነዚህን ሰዎች ሊነቅፍ አይደፍርም፤ ከእነርሱ የበለጠ ፍቅር ያለው የለም። ነገር ግን ከእነርሱ በኋላ የምንኖር ሁሉ አንድ ዕዳ አለብን፤ ይኸውም ለሩጫችን አስቀድመን መዘጋጀት ነው።

እኛም ይህን ተረድተን የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ትምህርት ተከታተልን። ቀይ መስቀል ይህን ትምህርት ለሕዝብ የሚሰጥ ስለ ሆነ አንባብያንም ይጠይቁ እንላለን። የተማርነውን በአጭሩ እነሆ።

ከሁሉ አስቀድሞ መደወል ነው፤ በአዲስ አበባ ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939፥ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ሲደውሉ ያሉበትን ስፍራ በሚታወቅ ምልክት መናገር፥ የተጎዱትን ሰዎች ቍጥር መግለጥ፥ ስልኩንም አለመዝጋት። ከዚህ በኋላ ከከፍታ የወደቀን ወይም በመኪና የተጎዳን ሰው እሳት፥ ጎርፍ፥ ወይም ሌላ ፈጥኖ የሚመጣ አደጋ ከሌለበት በቀር ከወደቀበት አለማንቀሳቀስ። የጀርባና የአንገት አጥንት ተሰብሮ እንደ ሆነ በአጥንቱ ውስጥ የሚያልፈው ጅማት በአንድ ክፉ አነሣስ ሊቈረጥ ይችላልና። ግድ ሆኖ ቢነሣ እንኳ አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይኖረው ራሱንና አንገቱን በሁለት እጁ አጽንቶ ይይዛል፤ «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» ብሎ የሚያዝዘውም እርሱ ነው፤ ሌሎቹ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አስተካክለው ያነሣሉ። የሚፈስስ ደም ቢኖር በንጹሕ ጨርቅ ሳያነሡ መጫን፤ ተጎጂው እንዳይበርደው በብርድ ልብስ መሸፈን፤ የሚበላና የሚጠጣ አለመስጠት።

ስለ መኪናውም የተማርነው አለ። አምቡላንስ ያልሆነ መኪና አምቡላንስ ነኝ ብሎ እንደ ዐውሎ ነፋስ መብረር አይገባውም። የበረረ መኪና ሁለተኛ አደጋ ይጨምራል እንጂ የመጀመሪያውን አያቃልልም። ኀይለኛ መኪና አለኝ ብሎ ወደ ጎርፍ መግባትም ድፍረት ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ እንዲህ ያለውን ከባድ መኪና እንኳ ሊወስደው ይችላል። ባለ መኪናው መድን የሰጠውን ድርጅት አስቀድሞ ቢጠይቅ፥ መኪናው ለእንዲህ ያለው አገልግሎት ሲውል፥ ወይም ሌላ ሰው ሲነዳው፥ መድኑ ይጸና እንደ ሆነ ያውቃል። በመኪናው ውስጥም ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ፥ አካፋ፥ ከጎማ ሥር የሚገባ ሳንቃ፥ ባትሪ፥ ብርድ ልብስና የእጅ ጓንት ይኑር፤ የናፍጣውም ጋን በክረምት ከግማሽ በታች አይውረድ።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ሰፈራችን ዕድር ሄድን። የዕድሩ ዳኛ አረጋዊ ሰው ናቸው፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳምጠው፥ «እኛ እስከ ዛሬ ድንኳንና ወንበር ያዘጋጀነው ለሞተ ሰው ነው። ላልሞተውስ ምን አዘጋጀን? ይህን ሳናስብ መኖራችን ያሳፍራል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዕድሩ አባላት መካከል እንዲህ ያለ መኪና ያለን አምስት ቤተ ሰቦች የሳምንት ተራ ገባን። ዕድሩ በአናጢ የታዘዘ አንድ ረጅም ሳንቃ፥ ማሰሪያው በጎንና በጎኑ የተሰፋ፥ ከድንኳኑ ጋራ ያስቀምጣል። ከወጣቶቹ መካከል ስምንቱ ትምህርቱን ወስደዋል። በሰፈሩ የምትኖር አንዲት አዋላጅ ነርስም ምክር ትሰጠናለች። ደንባችን አጭር ነው፤ መጀመሪያ ይደወላል፤ አምቡላንስ መግባት ከቻለ መኪናችን አይነሣም፤ መግባት ካልቻለ መኪናችን ከቤቱ ደጃፍ እስከ አስፋልቱ ዳር ድልድይ ይሆናል፤ ከአስፋልቱ ወዲያ ያለው ሥራ የእኛ አይደለም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ሥራው አነስተኛ መስሎ ይታየው ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎን ነበር። ባለፈው ክረምት የሆነውን እንንገርና ይፍረድ።

ሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ከሰፈሩ ዳር፥ መንገዱ ገና ካልተሠራበት፥ አንዲት ሴት ምጥ ጸንቶባት ደም ይፈስሳት ጀመር። ባልዋ ደወለ፤ አምቡላንሱም መጣ። ነገር ግን ዝናሙ ሲያድር ስለ ዘነበ ከአስፋልቱ ስምንት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። ተራው የእኛ ነበር። የሰፈሩ ወጣት መሪውን ያዘ፤ በጭቃ መንዳት ከእኛ ይልቅ ይችልበታልና። ነርሲቱና ከአምቡላንሱ የወረደው ባለሙያ ተሳፈሩ። ከቤቱ ስንደርስ በሥርዓት አነሣናት፤ እንደ ተማርነው በግራ ጎንዋ በሳንቃው ላይ አስተኝተን፥ አስረን፥ በቀስታ ወደ መኪናው አስገባናት። እናትዋ፥ «ልጄን ብቻዋን አልሰድም» ብለው ከእግርዋ ሥር ተቀመጡ። ባለሙያውና ነርሲቱ ከወዲህና ከወዲያ ሆነው ያዙአት። በዚህ ጊዜ መኪናው ሞላ፤ ለባለ መኪናው የተረፈ ስፍራ አልነበረም።

ስለዚህ በእግር ሄድን። አንዳችን ባትሪ ይዘን ከመኪናው ፊት ፊት እየቀደምን ቦዩ የት እንዳለ፥ መሬቱስ የት እንደሚጸና በእግራችን እየፈተንን መራን፤ ሌላችን ከባልዬው ጋራ ከኋላ ተከተልን። ጭቃው እስከ ቍርጭምጭሚት ይውጣል። መኪናው የሰው እርምጃ ያህል ብቻ እየሄደ ያቃስታል። ያን ስምንት መቶ እርምጃ ለመፈጸም ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደብን፤ ከዚያ የረዘመ መንገድ ግን በሕይወታችን አልሄድንም። ከአስፋልቱ ስንደርስ ሳንቃው ከመኪናችን ወደ አምቡላንሱ ተላለፈ፤ በሩ ተዘጋ፤ መብራቱ እየተሽከረከረ ወደ አያት በኩል ሄደ። እኛ በዝናሙ ውስጥ ቆመን ቀረን። ጡሩምባ አልነፋንም፤ ከሆስፒታል በር አልደረስንም፤ ያመሰገነንም አልነበረም፤ የሚያመሰግኑን ሁሉ ሄደው ነበርና። ነገር ግን በዚያች ሌሊት አንገቱን ማን ያዘው ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር መልስ ነበረን።

እናቲቱም ሕፃኑም ድነዋል። በአርባኛው ቀን ክርስትና ተጠርተን ገንፎ በልተናል።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። አልፎ አልፎ ሳንመለከተው የቀረ አንድ ነገር ግን አለ። ያ ሰው ቍስለኛውን የጫነው በራሱ እንስሳ ላይ ነው፤ እንስሳውም አንድ ነበረና እርሱ በእግሩ ሄዷል ማለት ነው። ደግሞም ቍስለኛውን ለዘላለም በእጁ አልያዘውም፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ አድርሶ ለሚጠብቀው ሰው አስረከበው፤ የሚያስፈልገውንም ገንዘብ ሰጥቶ ወደ መንገዱ ሄደ። እንስሳውን መስጠቱ ከሥራው አንዱ ክፍል ብቻ ነበር። ከኮርቻው መውረዱና ለሚገባው ማስረከቡ ሌላው ክፍል ነው።

እንግዲህ በቦሌም ይሁን በኮተቤ፥ በጎሮም ይሁን በአራብሳ፥ በግቢያችሁ እንዲህ ያለ መኪና የቆመላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ክረምቱ ሳይገባ ዕድራችሁን ሰብስቡ። መኪናውን መስጠት ቀላል ነው፤ ቍልፉን ማቀበል ብቻ ነውና። ከመሪው ወርዶ ለሚያውቀው መታዘዝ፥ በጭቃው ቀድሞ መሄድ፥ ከአስፋልቱ ዳር ሲደርሱም አስረክቦ ዝም ማለት ግን መማርን ይጠይቃል። ይህንም ትምህርት በተጎዳ ሰው አንገት ላይ ከመማር አስቀድሞ፥ በደኅና ቀን መማር ይሻላል።